ኦቢኤስ ስቱዲዮ ለላይብረሪ ትምህርት፦ ከነጥቅሙ ከነጉድለቱ

ተማሪን መረጃ ፍለጋ የሚያስተምር ቪዲዮ በምን ልቅረጽ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ የሙያ ባልደረቦቼ መልሴ የኮምፒውተር ስክሪን ከነድምፁ የሚቀርጸው ኦቢኤስ ስቱዲዮ የተባለ ፕሮግራም ነው። በጀት ለሌለው ክፍል፣ መብራት ደጋግሞ ለሚጠፋበት ግቢ፣ ቪዲዮውን ከቴሌግራም አውርዶ በስልኩ ለሚያይ ተማሪ ከዚህ የሚሻል እስካሁን አላገኘሁም። ጉድለት ግን አለው። መጀመሪያ ሲከፍቱት ግራ ያጋባል። የተቀረጸውን ቆርጦ መቀጠል አይችልም። አንዳንዱ ጠቃሚ ነገሩ ደግሞ የሚያሳይ ሰው ካልተገኘ ተደብቆ ይቀራል።

የምሠራው አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ውስጥ፣ ሪፈረንስ ክፍል ነው። ጂሲዎች (ተመራቂዎቹ) ፕሮፖዛል የሚያስገቡበት ሰሞን ሲደርስ ጠረጴዛዬ ይጨናነቃል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «ጋሼ፣ በርዕሴ ላይ የተሠራ ምንም ነገር የለም» ይሉኛል። አንዷን «እስቲ እንዴት እንደፈለግሽ አሳዪኝ» ስላት የምርምር ርዕሷን ከነወረዳው ስም ሙሉውን ጎግል ላይ ትለጥፋለች። እንደዚያ ተጽፎ ምን ሊመጣ? አጠገቤ አስቀምጬ ቁልፍ ቃላቱን ለይተን እንደገና ስንፈልግ ጽሑፉ ይጎርፋል። ይህን ለአንድ ተማሪ ማሳየት ደስ ይላል፤ ለሁሉም ግን አይዳረስም። ወረቀት ማደልም አይሠራም። ፍለጋ የሚገባው ጠቋሚው የት እንደሄደ፣ የቱ እንደተጫነ፣ ውጤቱ እንዴት እንደተቀየረ በዓይን ሲታይ ነው። ቪዲዮ የሚያስፈልገንም ለዚህ ነው።

ኦቢኤስ ነፃ ነው። ሙከራ ብሎ ከወር በኋላ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ቪዲዮው ላይ ማስታወቂያ አይለጥፍም፣ የቀረጻ ጊዜም አይገድብም። ሂዩ ቤይሊ የተባለ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረው ሲሆን ኮዱ ክፍት ስለሆነ ዛሬ ብዙ ሰው ይሠራበታል። በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይጫናል። ሕዝቡ የሚያውቀው ጌም እየተጫወቱ በቀጥታ በሚያስተላልፉ ልጆች ነው። ገጽታውም ለእነሱ የሚመች ሆኖ የተሠራ ስለሆነ የላይብረሪ ሰው ሲከፍተው ጥቁር መስኮትና ከሥሩ የተደረደሩ ሳጥኖች ይገጥሙታል። «ይሄ ለእኔ አይደለም» ብለው የዘጉት ባልደረቦች አውቃለሁ።

አትዝጉት። መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ ሲንና ሶርስ የሚባሉትን ብቻ ነው። ሲን እንጀራው ነው፣ ሶርስ ደግሞ እላዩ ላይ የሚወጣው ወጥ። አንድ ሲን ትከፍቱና ሶርስ ትጨምሩበታላችሁ፦ የኮምፒውተሩን ስክሪን፣ ማይክሮፎኑን፣ ከፈለጋችሁ ካሜራውን፣ ከፈለጋችሁ የአማርኛ ጽሑፍ። ለጽሑፉ ፎንቱን ኒያላ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ካደረጋችሁት ፊደሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። የምናስተምርባቸው ድረ ገጾች በእንግሊዝኛ ስለሆኑ፣ ከሥር አንድ መስመር አማርኛ መኖሩ ለፍሬሽ ተማሪዎች ትልቅ እርዳታ ነው።

አሁን ኦቢኤስን እንድወደው ወዳደረገኝ ነገር ልምጣ። የእኛ ክፍል ኮምፒውተሮች ዴስክቶፕ ናቸው። መብራት ሲጠፋ እነሱም አብረው ይጠፋሉ። ጀነሬተሩ እስኪነሳ ድረስ የተሠራው ሁሉ ገደል ይገባል። ኦቢኤስ ግን የቀረጻውን ፋይል ኤምኬቪ በሚባል ዓይነት ማስቀመጥ ይችላል። የኤምኬቪ ጥቅሙ ቀረጻው በመሃል ቢቋረጥም እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያለው ክፍል መከፈቱ ነው። ተራው ኤምፒ ፎር እንደዚያ አይደለም፤ በሥርዓት ካልተዘጋ ፋይሉ ሙሉ በሙሉ ይበላሻል። አንድ ከሰዓት የጎግል የምርምር ጽሑፍ መፈለጊያ ስለሆነው ጎግል ስኮላር እየቀረጽኩ፣ ልክ የዓመት ማጣሪያውን ጠቅ ሳደርግ መብራት ሄደ። ሲመለስ ፋይሉን ከፈትኩት። ድምፄም፣ ስክሪኑም፣ ማጣሪያውን ልጫን የሄደው ጠቋሚም ነበር። የጎደለው የመጨረሻዋ ቅንጣት ብቻ ነው። ከዚያው ቀጥዬ ቀረጽኩና ሁለቱን ክፍሎች አጋጠምኳቸው። እንደኛ ባለ ግቢ ለሚሠራ ሰው ይህች ብቻ ሶፍትዌሩን ታስመርጣለች።

ኤምኬቪ ቴሌግራም ላይ በደንብ ስለማይከፈት ወደ ኤምፒ ፎር መቀየር አለበት። ፋይል የሚለው ዝርዝር ውስጥ «ሪመክስ ሪከርዲንግስ» የሚል አለ። ምስሉን እንደገና ስለማያቀናብር በሰከንዶች ይጨርሳል። ሴቲንግስ ገብታችሁ «አድቫንስድ» ውስጥ በራሱ እንዲቀይር ማዘዝም ትችላላችሁ። ይህን ዛሬውኑ አብሩት።

ሁለተኛው የወደድኩት ነገር የይለፍ ቃልን የሚመለከት ነው። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለውን ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 በጤናው ሂናሪ ተጀምሮ፣ በግብርናው አጎራ፣ ከዚያም ሌሎች ተጨምረውበት ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ጆርናሎችን ለታዳጊ አገሮች ተቋማት ይከፍታል። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚያገኙት ወገን ናት። ግን መግቢያው ለተቋሙ የተሰጠ ስምና የይለፍ ቃል ነው፣ በአደባባይ እንዲወጣም አይፈቀድም። እንዴት እንደሚገባ በቪዲዮ ሳሳይ ስሙ ስክሪን ላይ እንዳይቀር ማድረግ አለብኝ። በኦቢኤስ ሁለተኛ ሲን ሠራሁ፦ ነጭ ገጽ፣ ላዩ ላይ «የተቋማችሁን የይለፍ ቃል ከላይብረሪ ጠይቁ» የሚል ጽሑፍ። ለእያንዳንዱ ሲን የኪቦርድ ቁልፍ መስጠት ስለሚቻል፣ መግቢያው ገጽ ላይ ስደርስ አንዷን ቁልፍ እጫናለሁ፣ ነጩ ገጽ ይመጣል፣ ከጀርባ እገባለሁ፣ ሌላዋን ቁልፍ ስጫን ውስጥ ገብቼ እታያለሁ። ቀረጻው አልቆመም፣ ድምፄም አልተቋረጠም። ኤዲቲንግ የማያውቅ ሰው ይህን በሌላ መንገድ ልሥራው ቢል ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።

ስለ ድምፅ። ተማሪ ብዥ ያለ ምስል ይታገሳል፣ የማይሰማ ድምፅ ግን አይታገስም። የላይብረሪ ኮሪደር ደግሞ ዝም አይልም፤ ወንበር ይጎተታል፣ በር ይመታል፣ ጀነሬተሩ ከውጭ ያጓራል። ኦቢኤስ ውስጥ ማይክሮፎኑ ላይ ፊልተር የሚባል አለ። ከፊልተሮቹ «ኖይዝ ሰፕሬሽን» የሚለውን ምረጡ። ሁለት ዘዴ ያቀርብላችኋል፦ ስፒክስና አርኤንኖይዝ። የመጀመሪያው ለደካማ ኮምፒውተር ቀላል ነው፣ ሁለተኛው ግን እጅግ የተሻለ ነው። የጀነሬተሩን የማያቋርጥ ጉርምርምታ ከድምፄ ሥር ጠራርጎ ያወጣዋል። ድንገት የሚመታውን በር ግን ሁልጊዜ አያስወግድም። ከስልክ ጋር የሚመጣ ተራ የጆሮ ማዳመጫ ማይክ ከላፕቶፑ ከራሱ ማይክ ይሻላል፤ ዋናው ነገር ለአፍ መቅረቡ ነው።

አሁን ወደ ዳታ። የኛ ተማሪ ዋይፋይ ባለበት ቢያወርድም፣ ብዙው በካርድ በሞላው ጥቅል ነው የሚያየው። ለቪዲዮ 100 ሜጋ ማውጣት ለተማሪ ቀላል አይደለም። ሒሳቡን ላሳያችሁ። ቢትሬቱ፣ ማለትም በየሰከንዱ የሚቀረጸው የመረጃ መጠን፣ 2500 ኪሎቢት ላይ ተቀምጦ የተቀረጸ የ5 ደቂቃ ቪዲዮ ምስሉ ብቻ 94 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ይህ ለጌም ያስፈልጋል፤ ጌም ላይ ሁሉም ነገር ይንቀሳቀሳል። እኛ የምንቀርጸው ግን አብዛኛውን ጊዜ የቆመ ገጽ ነው። ጠቋሚ ብቻ ይሄዳል፣ ገጹ አልፎ አልፎ ይለወጣል። ስለዚህ ሴቲንግስ ውስጥ «ቪዲዮ» ገብታችሁ መጠኑን 1280 በ720፣ በሰከንድ ያለውን ፍሬም (የምስል ብዛት) ደግሞ 10 አድርጉት። 10 ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ተቀምጧል። «አውትፑት» ውስጥ ወደ አድቫንስድ ቀይራችሁ ቢትሬቱን 300 ብትሉት፣ ያው የ5 ደቂቃ ቪዲዮ ምስሉ 11 ሜጋባይት አካባቢ ይመጣል። ድምፁን ሞኖ አድርጋችሁ 64 ላይ ብታስቀምጡት 2 ሜጋ ከምናምን ይጨምርበታል፣ በቃ። ስልክ ላይ ፊደሉ ይነበባል። ተማሪዎቼ ቪዲዮውን ለጓደኛ መላክ የጀመሩት ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፊደሉ ይነበባል ያልኩት ግን አንድ ነገር ከተደረገ ነው። ኮምፒውተር ላይ በተራው መጠን የተከፈተ ገጽ በስልክ ሲታይ ጉንዳን ያክላል። ኦቢኤስ በራሱ ወደ አንድ ቦታ ቀረብ ብሎ የሚያሳይ መሣሪያ የለውም። ይህ ትልቁ ጉድለቱ ነው። ሁለት መፍትሔ አለኝ። አንደኛው ከመቅረጼ በፊት ብራውዘሩን 150 በመቶ ማጉላት። ሁለተኛው ዙምኢት የተባለውን የማይክሮሶፍት ትንሽ ነፃ ፕሮግራም መጨመር። ኮንትሮልና 1 ሲጫኑ ስክሪኑ ይጎላል፣ ኮንትሮልና 2 ሲጫኑ በማውስ መጻፍና ማክበብ ይቻላል። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ በጣም ያምራል። ግን ልብ በሉ፦ ዙምኢት የሚታየው ሙሉ ስክሪኑን ስትቀርጹ ነው። የብራውዘሩን መስኮት ብቻ የምትቀርጹ ከሆነ ማጉላቱ አይገባም። ሙሉ ስክሪን ከቀረጻችሁ ደግሞ የቴሌግራም መልእክት ጥግ ላይ ብቅ ሊል ስለሚችል ከመጀመራችሁ በፊት ሁሉንም ዝጉ።

አንዱን ቪዲዮ በምሳሌ ላሳያችሁ። ርዕሱ ስለ ጤፍ ምርታማነት ጽሑፍ እንዴት ይፈለጋል የሚል ነው። ጎግል ስኮላር ይከፈታል። በመጀመሪያ ተማሪዎች እንደሚያደርጉት ሙሉ ርዕሱ ከነወረዳው ይለጠፋል፣ ውጤቱ ይታያል። ከዚያ አጥፍቼ ዋናዎቹን ሁለት ሐሳቦች ብቻ አስቀራለሁ፦ ጤፍና ምርት። በእንግሊዝኛ ጤፍ በአንድ ኤፍም በሁለት ኤፍም ስለሚጻፍ ሁለቱንም አስገባና በመሃላቸው «ኦር» የሚለውን በትልልቅ ፊደል እጽፋለሁ። ሳይንሳዊ ስሙን፣ ኢራግሮስቲስ ቴፍን፣ በትምህርተ ጥቅስ ከትቼ እጨምራለሁ። የውጤቱ ብዛት ሲለወጥ በዙምኢት አከብበዋለሁ። ቀጥሎ ከግራ ካለው የዓመት ማጣሪያ የቅርብ ዓመታቱን እመርጣለሁ። ከዚያ ከአንድ ጥሩ ጽሑፍ ሥር ያለውን «ሳይትድ ባይ» እጫናለሁ። እዚህ ላይ ሆን ብዬ ዝግ እላለሁ። ተማሪዎች የማያውቋት ቁልፍ እሷ ናት። ያን ጽሑፍ ጠቅሰው በኋላ የጻፉትን ሁሉ ታመጣለች። በመጨረሻ ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ከፍቼ፣ ወደኋላ ተመልሼ «ኦል ቨርዥንስ» የሚለውን ስጫን በነፃ የተቀመጠ ቅጂ ሲገኝ አሳያለሁ። 5 ደቂቃ አይሞላም።

ማጠሩ ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጥናት ኤድኤክስ በተባለው የኢንተርኔት ማስተማሪያ ኮርሶች ላይ 6.9 ሚሊዮን ጊዜ ቪዲዮ የታየበትን መረጃ መርምሮ፣ ቪዲዮው ምንም ያህል ቢረዝም ተማሪው በአማካይ የሚቆየው ቢበዛ 6 ደቂቃ ያህል መሆኑን አሳይቷል። የእኔ ተማሪዎች ከዚያ ይብስ ይሆናል እንጂ አይሻሉም። ስለዚህ አንድ ቪዲዮ አንድ ነገር ብቻ። የደራሲ ስም ጉዳይ ለብቻው። የኢትዮጵያ ደራሲ በራሱ ስም ነው የሚታወቀው፤ ባሕሩ ዘውዴ ባሕሩ ነው። የውጭ የማጣቀሻ ሶፍትዌር ግን የአባቱን ስም አስቀድሞ «ዘውዴ» ብሎ ያስቀምጠዋል። ከነዚህ አንዱ በሆነው ዞተሮ ላይ የስሙን ሳጥን ከሁለት ወደ አንድ የምትቀይር ትንሽ ቁልፍ አለች። ያቺን ቁልፍ የሚያሳየው ቪዲዮ ለታሪክና ለአማርኛ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ከማንኛውም በላይ ጠቅሟል።

ጉድለቱን ልቀጥል። ሁለት ግራፊክስ ካርድ ባለው ላፕቶፕ ላይ ሙሉ ስክሪን ልቅረጽ ስትሉ ጥቁር ብቻ ሊያሳይ ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። ዊንዶውስ ሴቲንግስ ውስጥ ግራፊክስ ገብታችሁ ኦቢኤስ በኃይል ቆጣቢው ካርድ እንዲሠራ ብታደርጉት አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል። ክሮምን በመስኮት ስትቀርጹ ጥቁር ከሆነ ደግሞ የቀረጻ ዘዴውን «ዊንዶውስ 10» ወደሚለው ቀይሩት። ሌላው፣ ፖዝ ማድረጊያዋ ቁልፍ አንዳንዴ አትታይም። የቀረጻው ጥራት «ከስርጭቱ ጋር አንድ ይሁን» ተብሎ ከተቀመጠ ትጠፋለች። ሌላ ጥራት ስትመርጡ ትመለሳለች። ይህ ማንም በራሱ ሊገምተው የማይችል ነገር ስለሆነ ሶፍትዌሩን አዘንኩበት። ፖዝ ለኛ ወሳኝ ናት፤ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ገጹ እስኪከፈት ተማሪውን ማስጠበቅ የለብንም።

ኤዲቲንግ የለውም ብያለሁ። እኔ ሾትካት የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ነው የምጠቀመው። ከፊትና ከኋላ ለመቁረጥና ሁለት ክፍል ለማጋጠም በቂ ነው። ከዚያ በላይ ኤዲት ለማድረግ ጊዜም የለም። ዋናው ቀድሞ መጻፍ ነው። የምናገረውን በአማርኛ ጽፌ፣ የምጫነውን ቁልፍ አጠገቡ አስፍሬ፣ አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ተጽፎ የተቀረጸ ቪዲዮ ብዙ መቁረጥ አይፈልግም።

ሌሎቹንም አይቻለሁ። ስክሪንፓል፣ ድሮ ስክሪንካስት ኦ ማቲክ ይባል የነበረው፣ ለጀማሪ ከኦቢኤስ በጣም ይቀላል። ነፃው ግን ከ15 ደቂቃ በላይ አይቀርጽም። ለኛ 15 ደቂቃ ከበቂ በላይ ስለሆነ ይህ ችግር አይደለም፤ ችግሩ ቪዲዮው ላይ የሚለጥፈው ምልክት ነው። ካምታዥያ ከሁሉም የተሟላ ነው፣ ማጉላቱም ኤዲቲንጉም አብሮት አለ። ዋጋው ግን በዶላር ነው፣ የኛ ግዥ ክፍል ደግሞ ለሶፍትዌር ዶላር የሚያፈላልግበት መንገድ የለውም። ኮምፒውተራችሁ ላይ ፓወርፖይንት ካለ ደግሞ «ኢንሰርት» ውስጥ ስክሪን መቅረጫ አለው። ድምፅ ማጽጃ የለውም፣ ግን ነገ ጠዋት ቪዲዮ ለሚያስፈልገው ሰው ያንኑ ተጠቀም እለዋለሁ። የዊንዶውስ ጌም ባር አንድ መስኮት ብቻ ስለሚቀርጽ ከብራውዘር ወደ ዞተሮ መሻገር የሚያሳይ ቪዲዮ አይሠራበትም።

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ኦቢኤስ ከ28ኛው እትም ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ፣ ዊንዶውስ 7ን አይደግፍም። አዲሱን አውርዳችሁ አልጫን ቢላችሁ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ አይደለም። እትም 27.2.4ን ኦቢኤስ ራሱ ኮዱንና እትሞቹን ከሚያስቀምጥበት የጊትሀብ ገጽ ላይ ከድሮዎቹ እትሞች መካከል ፈልጋችሁ አውርዱ። ከሌላ ድረ ገጽ አታውርዱ። ፖዟም፣ አርኤንኖይዙም፣ ኤምኬቪውም እዚያው አሉ።